አትርፈው ያተረፉልን

አማርኛችን «አተረፈ» የሚለውን ቃል ለሁለት ሰዎች እኩል አከፋፍሎታል። በአሥር ብር የገዛውን በአሥራ አምስት የሸጠ ነጋዴ «አተረፈ» ይባላል፤ እሳት ውስጥ ገብቶ ሕፃን ያወጣ ጎረቤትም «አተረፈ» ይባላል። የመጀመሪያውን በጎሪጥ እናየዋለን፣ ሁለተኛውን እንመርቀዋለን። ሁለቱ እንዴት አንድ ቃል ሊጋሩ እንደቻሉ የቋንቋ ሊቃውንት ይመርምሩት። እኔ ግን ስለ ሙዚቃችን ባሰብኩ ቁጥር ትርጉሞቹ ይደባለቁብኛል። ዛሬ «ወርቃማው ዘመን» እያልን የምንኮራበት ሙዚቃ፣ ፈረንጁም «ኢትዮ ጃዝ» ብሎ በውድ የሚሸምተው ዜማ፣ ከእኛ የደረሰው መንግሥት መዝግቦ ስላስቀመጠው ወይም ሙዚየም ስለደረደረው አይደለም። ጥቂት ሱቀኞች ሊሸጡት ብለው ስላሳተሙት ነው። አትርፈው አተረፉልን።

ይህን ስል «ለነጋዴ ጥብቅና ቆመ» የሚለኝ አይጠፋም። ይሁን። ነገሩን ከሥሩ ጀምሬ ላስረዳና አንባቢ ይፍረድ። ከውጭው ዓለም ጋር ለማስተያየት እንዲመች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የኢትዮጵያ ዘፈን ለመጀመሪያ ጊዜ ሸክላ ላይ የተቀረጸው በአገራችን ምድር አልነበረም። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከአውቶሞቢል ጋር የተያያዘ ሙያ እንዲማሩ ወደ ጀርመን ተልከው ነበር። ከ1908 እስከ 1910 ባለው ጊዜ በርሊን ሳሉ ዘፈናቸውን ለአንድ ሸክላ አሳታሚ ኩባንያ አስቀረጹ። ኩባንያው ይህን ያደረገው ለኢትዮጵያ ባህል ተቆርቁሮ እንዳልሆነ መገመት አያቅትም። በየአገሩ ሸክላ የሚገዛ ሰው ይፈልግ ነበርና ያንን ሰው ለማግኘት የየአገሩን ዘፈን መቅረጽ ነበረበት። እንዲህም ሆኖ ከመቶ ዓመት በኋላ የነጋድራስን ድምፅ ለመስማት የበቃነው በዚያ የንግድ ሥራ ምክንያት ነው። በዚያው ዘመን በየአድባሩ፣ በየግብር አዳራሹ ያዜሙ የነበሩ ሌሎች ስንት ባለሙያዎች ድምፃቸውን ይዘው ወደ አፈር ገብተዋል።

ከዚያ በኋላ ዓመታት አለፉ። አዲስ አበባ ውስጥ የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስ፣ የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራዎች ተቋቋሙ፤ ሳክስፎኑ፣ ትራምፔቱ፣ ፒያኖው ከማሲንቆና ከክራር ቅኝት ጋር መላመድ ጀመረ። ሸክላ ከውጭ የማስገባትና የማሳተም መብት ግን በዐዋጅ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። ማኅበሩ ለትያትራችንና ለሙዚቃችን የዋለውን ውለታ የሚክድ የለም። ሆኖም አንድ በር ብቻ ያለው ቤት ሲቆለፍ ሁሉም ውጭ ይቀራል። ወጣቱ በየሆቴሉና በየክበቡ ሲጨፍርበት ያድር የነበረው አዲሱ ሙዚቃ በሸክላ የሚያወጣው አጥቶ ከሌሊቱ ጋር አብሮ ይነጋ ነበር።

አምሃ እሸቴ የመጣው በዚህን ጊዜ ነው። በሃያዎቹ ዕድሜ የነበረ ወጣት ሲሆን የውጭ አገር ሸክላ የሚሸጥ ሙዚቃ ቤት ነበረው። ደንበኞቹ የአሜሪካንን ሸክላ እየገዙ የራሳቸውን አገር ዘፋኝ ሸክላ ሲጠይቁት የሚሰጣቸው አልነበረም። እንግዲህ ሱቀኛ ማለት ሰው የሚጠይቀውን ዕቃ ሲያጣ እንቅልፍ የማይወስደው ፍጡር ነው። አምሃ ዐዋጁን እያወቀ በ1969 «አምሃ ሪከርድስ» የተባለውን ማተሚያ በራሱ ስም ከፈተና የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን አስቀድቶ ሸክላውን ሕንድ አገር አሳተመ። ኋላም ሥራውን ወደ ሊባኖስና ወደ ግሪክ አዞረው። ሸክላው ገበያ ሲወጣ ተሻሙበት። አምሃ የጣሰው ዐዋጅ እንዳያስቀጣው የሕዝቡ ፍላጎት ጋሻ ሆነው። መንገዱ ከተከፈተ በኋላ ፊሊፕስም ገባ፣ «አሊ ታንጎ» እየተባሉ የሚጠሩት የአሊ አብደላ ካይፋ «ካይፋ ሪከርድስ»ም ተከተለ።

አምሃ ሪከርድስ የቆየው እስከ 1975 ብቻ ነው። በእነዚያ ስድስት ዓመታት ውስጥ ያወጣቸው 103 ትናንሽ ሸክላዎችና 12 ያህል ትልልቅ አልበሞች ናቸው። ዓለማየሁ እሸቴ፣ ማሕሙድ አሕመድ፣ ግርማ በየነ በዚያ አልፈዋል። ጂማ ተወልዶ በእንግሊዝና በአሜሪካ የተማረው ሙላቱ አስታጥቄም ባለ አምስት ድምፅ ቅኝቶቻችንን ከጃዝ ስምምነት ጋር ያጋባበትን ሥራ በ1974 ያወጣው በዚሁ ቤት ነው። አብዮቱ ሲፈነዳ ሰዓት እላፊ ታወጀ። ሌሊት የሌለው ከተማ የሌሊት ሙዚቃ የለውም፤ ክበቦቹ ተዘጉ፣ ኦርኬስትራዎቹ ተበተኑ። አምሃም በ1975 ወደ አሜሪካ ተሰደደ። አገሩ የተመለሰው ከብዙ ዓመታት በኋላ ሲሆን ያረፈው በ2021 ነው። የመጀመሪያ ሸክላውን ያስቀዳለት ዓለማየሁ እሸቴም በዚያው ዓመት ተከተለው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ እናንሳ። ቤቱ ተዘግቶ፣ ባለቤቱ ተሰዶ፣ ዘመኑ ተገልብጦ ሙዚቃው እንዴት ተረፈ? መልሱ ቀላል ነው፤ ሙዚቃው ተበትኖ ነበር። አንድ ሸክላ ሲታተም በሺህ ይታተማል። ሺው በሺህ ቤት ይገባል። መቶው ይሰበራል፣ ሁለት መቶው ይጫጫራል፣ ሦስት መቶው ልጆች ሲጫወቱበት ያልቃል። አንዱ ግን ድሬዳዋ ካለ ሣጥን ውስጥ፣ ሌላው አሥመራ ካለ ቁም ሣጥን ላይ፣ ሦስተኛው አንድ ተማሪ ይዞት በሄደ ሻንጣ ውስጥ ይተርፋል። መዝገብ ቤት አንድ ቅጂ ይዞ በዘበኛ ያስጠብቃል፤ ነጋዴ ሺህ አባዝቶ ይበትናል። ዘበኛው ያንቀላፋ ቀን የመዝገብ ቤቱ ያልቅለታል። የተበተነው ግን ዘበኛም አያስፈልገው። እኔ እንደሚገባኝ ማባዛት ከሁሉ የበለጠ ማቆያ ነው።

ይህ የእኛ ብቻ ታሪክ አይደለም። የጃዝ ትውልድ አገር በሆነችው አሜሪካም ያው ነው። በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ ትልልቆቹ ኩባንያዎች ፊታቸውን ወደ አዲሱ ስልት ሲያዞሩ የጥንቱን ጃዝ የያዙት ሱቀኞችና ሰብሳቢዎች ነበሩ። ኒውዮርክ ውስጥ ሚልት ጋብለር የሚባል ሰው ኮሞዶር የተባለ የሸክላ ሱቅ ነበረው። በ1938 በሱቁ ስም ማሳተም ጀመረ። ቢሊ ሆሊደይ በጥቁሮች ላይ ይፈጸም የነበረውን የስቅላት ግፍ የምታወግዝበትን ዘፈን በ1939 ኮሎምቢያ የተባለው ትልቁ ኩባንያ አልቀዳም ቢላት የቀዳላት ይህ ባለ ሱቅ ነው። ቢል ራስል የሚባል ሌላ ሰው ደግሞ ቀረጻ መሣሪያውን ተሸክሞ ወደ ሉዊዚያና ወረደ። እዚያም በንክ ጆንሰን የተባለውን አዛውንት ትራምፔት ነፊ አስቀረጸው። በንክ ጥርሱ ወልቆ ትራምፔቱን ከተወ ቆይቶ ነበርና መንፋት የቻለው ጥርስ ተሠርቶለት ነው። ራስል በ1944 «አሜሪካን ሚውዚክ» ብሎ የራሱን ማተሚያ ከፈተ። የኒው ኦርሊንስ አዛውንቶች ድምፅ ዛሬ የሚሰማው እንዲህ ባሉ አንድ ሰው ወይም ሁለት ሰው በሚያንቀሳቅሳቸው ቤቶች ምክንያት ነው።

ወደ ራሳችን እንመለስ። በ1984 ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባል ፈረንሳዊ የሙዚቃ ሰው የማሕሙድ አሕመድ ሸክላ ድንገት ጆሮው ገባ። ነገሩ ስላስደነቀው በዓመቱ አዲስ አበባ መጣ። በ1986 ካይፋ አሳትሞት የነበረው የማሕሙድ «እሬ መላ መላ» ክራምድ ዲስክስ በተባለ አነስተኛ የብራስልስ አሳታሚ በኩል ለአውሮፓ ጆሮ በቃ። በ1990ዎቹ መጨረሻም ፋልሴቶ ከአምሃ ጋር ተስማምቶ «ኢትዮፒክስ» የተባለውን ተከታታይ ቡዳ ሙዚክ ከተባለ የፓሪስ አሳታሚ ጋር ጀመረ። በ2017 በግርማ በየነ ሥራ ቅጽ ሠላሳ ደርሷል። አራተኛው ቅጽ የሙላቱ ነው፤ በ2005 የወጣ አንድ የአሜሪካ ፊልም ያንን ዜማ ከተጠቀመበት ወዲህ ሙላቱን የማያውቅ የጃዝ ወዳጅ ማግኘት ያስቸግራል። የቀረርቶና የሽለላን ዜማ በሳክስፎን ያስጮኸው ጌታቸው መኩሪያም በ2016 ከማረፉ በፊት ዲ ኤክስ ከተባለው የሆላንድ ቡድን ጋር ሠርቶ፣ ከቡድኑ አባላት አንዱ ባቋቋመው ትንሽ ማተሚያ በ2006 አልበም አውጥቷል።

ለእኔ ግን ከሁሉ የምትገርመው የባሕር ዳሯ ካሴት ነች። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከባንዱ ጋር ለትርዒት አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ። በ1985 ብቻውን አኮርዲዮንና ኪቦርድ እየተጫወተ ዋሽንግተን ውስጥ አንድ ካሴት ቀዳ። ካሴቱ አገር ቤት ገብቶ ተሸጠ፣ ተደመጠ፣ ተረሳ። ኃይሉም ታክሲ እየነዳ ኑሮውን ቀጠለ፤ መንገደኛ ሲጠብቅ ከመኪናው ኋላ ያስቀመጣትን ኪቦርድ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። ከዓመታት በኋላ ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ ባሕር ዳር ውስጥ ያንን ካሴት አገኘ። ባለቤቱን አፈላልጎ ደወለለትና በ2013 «ኦውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ» በተባለው የአንድ ሰው ማተሚያው ዳግም አወጣው። ትርፉን ከሙዚቀኞቹ ጋር እኩል ለእኩል ይካፈላል። ኃይሉም በስተርጅና ወደ ዓለም መድረክ ተመለሰ። ያን ሁሉ ዘመን ካሴቷን ባሕር ዳር ያቆየልን መዝገብ ቤት አልነበረም፣ የካሴት ሱቅ እንጂ። ካሴቷ ሱቅ ውስጥ የተቀመጠችውም ልትሸጥ ነው።

ይህን ሁሉ ያወጋሁት ለመካነ ሰላም ብዬ ነው። መካነ ሰላም ከደሴ ወደ ምዕራብ፣ በጉጉፍቱና በአቀስታ ደጋ አልፎ የሚደረስባት የቦረና ወረዳ ከተማ ነች። ከእሷ ወዲያ አገሩ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል፤ ማዶው ጎጃም ነው። የሙዚቃ ሊቃውንት የሚቆጥሯቸው አራት ቅኝቶች ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ናቸው። ባቲና አምባሰል የወሎ አገሮች ስም ናቸው። ሙላቱ በቫይብራፎን፣ ኃይሉ በኦርጋን የሚጫወቱባቸው ቅኝቶች እነዚሁ ናቸው። አዲስ አበባ ውስጥ ስንቱን ካሴት ያወጣው አንዱ ሙዚቃ ቤት እንኳ ስሙ «አምባሰል» ነበር። ወሎ ለኢትዮ ጃዝ ስሙንም ዜማውንም ሰጥቷል ማለት ነው። ታዲያ በሸክላው ዘመን ከቦረና፣ ከወግዲ፣ ከከለላ፣ ከሳይንት ደጋ ማን ተቀረጸ? የሸክላው ነጋዴ የሚያትመው ከተማ ውስጥ የሚገዛ ያለውን ነው። የቦረናው አዝማሪ፣ የመንዙማው ባለ ድቤ፣ ሌሊት በየደጁ እያዜሙ የሚዞሩት ላሊበሎች ለአዲስ አበባ ገበያ ሩቅ ነበሩ። ነጋዴ አተረፈልን ስል ያላተረፈውንም ማንሳት አለብኝ። ገዢ የሌለው ዜማ አልተባዛም፤ ያልተባዛውም ሞተ።

ሙሉ በሙሉ ሞተ እንዳልል ግን አንድ ካርቶን አስቁሞኛል። መካነ ሰላም ውስጥ በደርግ መጨረሻና በኢሕአዴግ መጀመሪያ ዓመታት የካሴት ሱቅ የነበራቸው አንድ አዛውንት አሉ። ስማቸው እንዲነሣ አልወደዱምና ጋሼ ብቻ ልበላቸው። ሥራቸው ከደሴ የመጣ ካሴት መሸጥና መገልበጥ ነበር። የሰርግ ወራት ሲመጣ ደግሞ ባለ ሁለት ካሴት ቴፓቸውን በበቅሎ አስጭነው ወደ ገጠር ይወጣሉ፣ ሙሽራ ቤት ተቀምጠው ዘፈኑን ይቀዳሉ፣ ተመልሰው እያባዙ ለዘመድ አዝማድ ይሸጣሉ። ሱቁ ከተዘጋ ቆይቷል። ካርቶኑ ግን አልጋቸው ሥር አለ፤ ሠላሳ አራት ካሴት ቆጥሬያለሁ።

«ጋሼ፣ ይህን ሁሉ የቀዱት ባህሉ እንዳይጠፋ አስበው ነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

ሳቁብኝ። «ኧረ ልጄ! እኔ እኮ ስድስት ልጅ የማሳድግ ሰው ነበርኩ። ለመሸጥ ነው እንጂ። ባልሸጠው ኖሮ የባትሪውን ከማን አገኘው ነበር?»

ከጋሼ ጋር ያገናኘኝ ሌላ ጉዳይ ነው። የእናቴ ታላቅ እህት፣ እቴቴ የምንላት፣ በአገሩ የታወቀች ዘፋኝ ነበረች። በሙያዋ ገንዘብ ያገኘችበት ሰው አይደለችም፤ ሰርግ ሲኖር «እሷ ካልመጣች አይደምቅም» ትባል ነበር። አንቺ ሆዬን ስታወርድ ሽማግሌዎች ጉንጫቸውን ደግፈው ዝም ይሉ እንደነበር ትዝ ይለኛል። ካረፈች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ፎቶዋ አለን፤ ድምፅዋን ግን የያዘ ከቤተ ሰባችን አንድም ሰው አልነበረም። ጋሼ አንድ የዘመድ ሰርግ ላይ እንደቀዷት ስሰማ ሄድኩ። ካሴቱን አገኘነው። ቴፑ ውስጥ ስንከተው ግን ማሽኑ ክሩን አኝኮ ያዘው። ስናወጣው የተቆራረጠ፣ የተጨማደደ፣ ቡኒው ቅባት በእጅ የሚነሣ ሆኗል። ጋሼ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩት።

«አብሽር» አሉኝ ቆይተው። «የዚህን ግልባጭ ከለላ ሸጬዋለሁ። ሙሽራው ያጎቱ ልጅ ወስዶታል፤ ሂድና ጠይቅ።»

ከለላ ሄድኩ። ሰውየው አልፈዋል፤ ባለቤታቸው ግን ቤቱን የምታንቀሳቅስ ብርቱ ሴት ነች። ካሴቱ ከቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ፣ ከግብር ደረሰኞችና ከአንድ የተሰበረ ሰዓት ጋር ተቀምጦ ነበር። ሽፋኑ ላይ በጋሼ እጅ የሙሽራው ስም፣ ወሩና «12 ብር» ተጽፎበታል። ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ ከውሻ ጩኸትና ከሴቶች እልልታ መሐል፣ እቴቴ አለች። አሥራ አንድ ደቂቃ ያህል ትዘፍናለች። መጨረሻ ላይ አንድ ሰው «ውኃ ስጧት» ሲል ይሰማል። እናቴ ይህን ስትሰማ ያደረገችውን አልጽፈውም። እኔ ግን የተረዳሁት ይህን ነው፤ ድምፅዋን ያተረፈው የአሥራ ሁለት ብሩ ሽያጭ ነው። ጋሼ ዋናውን ብቻ አክብረው ቢያስቀምጡት ኖሮ ዛሬ የተጨማደደ ክር ብቻ ይዘን ቀርተን ነበር።

አሁን የሚነሣውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ። «ነጋዴው አተረፈ፤ ዘፋኙስ ምን አገኘ?» የሚለው ነው። እውነት ነው። በሸክላውም በካሴቱም ዘመን ብዙ ድምፃዊ አንድ ጊዜ ተከፍሎት ተሰናብቷል። ካሴቱ በየሱቁ ሲገለበጥ ደግሞ አሳታሚውም ድምፃዊውም አብረው ተበልተዋል። የጋሼም ግልባጭ ለእቴቴ ሳንቲም አላስገኘላትም። በ1960 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ ደራሲ መብት አንቀጾች ነበሩት። የድምፃዊውንና የአሳታሚውን መብት ለይቶ፣ የሃምሳ ዓመት ጥበቃ ሰጥቶ የደነገገው ግን በ2004 የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 410 ነው። ሕጉ ዘግይቶም ቢሆን መጥቷል። ድምፃዊ ባይከፈለው መልካም ነው የሚል አእምሮ የለኝም። የኃይሉ መርጊያ ውል እንደሚያሳየው አባዝቶ መሸጥና በእኩል መካፈል አብረው መሄድ ይችላሉ። እንዲያውም አብረው ካልሄዱ ሁለተኛው ዘፋኝ ማይክሮፎኑ ፊት አይቆምም።

ሌላም ተቃውሞ አለ። «ዛሬ ማባዛት ምን ችግር አለው? ሁሉም በስልክ ይቀዳል፣ በሚሞሪ ይጭናል» ይባላል። እንዲያውም መካነ ሰላም ገበያ ላይ ሚሞሪ የሚጭኑ ልጆች ከጋሼ ዘመን የበለጠ ዘፈን በአንድ ቀን ያባዛሉ። እኔም አንዱን ልጅ የቦረና ዘፈን እንዲጭንልኝ ጠይቄው ስልሳ ያህል ጭኖልኛል። ቤቴ ገብቼ ስከፍተው ግን «ትራክ 01»፣ «ትራክ 02» እያለ ይቀጥላል። ማን ዘፈነው? የት? መቼ? ማሲንቆውን የያዘው ማን ነው? የሚመልስልኝ የለም። ያ ድምፅ ተባዝቷል፣ ስሙን ግን አጥቷል። አምሃ ወይም ካይፋ ከገልባጭ የሚለዩት እዚህ ላይ ነው። ሸክላቸው መሐል ክብ ወረቀት ተለጥፏል፤ በላዩ የዘፋኙ ስም፣ የዘፈኑ ርእስ፣ የአሳታሚው ስምና የሸክላው ቁጥር ታትሟል። አሳታሚ ማለት በራሱ ስም ሆኖ «ይህ የእገሌ ነው» ብሎ የሚመሰክር ሰው ነው። ፋልሴቶ ሙዚቀኞቹንና አምሃን ፈልጎ ማግኘት የቻለው ስማቸው ተጽፎ ስለቆየው ነው። «ትራክ 07»ን ግን ማንም ፈልጎ አያገኘውም። የጋሼ ሽፋን እንኳ የሙሽራውን ስም እንጂ የእቴቴን አልያዘም።

እንግዲህ የምለው አጭር ነው። ለምዕራብ ወሎ ደጋ የሚያስፈልገው ትልቅ ተቋም እስኪመጣ ሲጠበቅ የሚቆይ ሳይሆን፣ አንድ ክፍል የሚበቃው ትንሽ ማተሚያ ነው። የሚሠራ የካሴት ማጫወቻ፣ የማጫወቻውን ራስ የሚያጸዳ አልኮልና ጥጥ፣ አንድ ኮምፒዩተር፣ አንድ ትዕግሥተኛ ሰው። የስድሳ ደቂቃ ካሴት ለመገልበጥ ስድሳ ደቂቃ ይፈጃል፤ አቋራጭ የለውም። ሠላሳ አራቱ የጋሼ ካሴቶች ለአንድ ሰው የአንድ ሳምንት ሥራ ናቸው። ከዚያ የዘፋኙን ወይም የወራሹን ፈቃድ መጠየቅ፣ ስሙን፣ ቦታውንና ዓመቱን መጻፍ፣ መቶ ቅጂ ማውጣት፣ መሸጥና ገንዘቡን መካፈል ነው። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ መካነ ሰላም ላይ ካምፓስ አለው፤ ከመቶው አንዱን ለቤተ መጻሕፍቱ መስጠት ይቻላል። ዘጠና ዘጠኙ ግን ወደ ሕዝቡ ይበተን።

ለምን ሁሉንም በአንድ ቦታ አናኖረውም ለሚለኝ የቅርብ ጊዜውን አስታውሰዋለሁ። አዲስ አበባ ጣይቱ ሆቴል ውስጥ የነበረው ጃዝአምባ በ2015 ተቃጠለ። ደሴ በ2021 በጦርነቱ ስትያዝ ሙዚየሟ ተዘረፈ። ካዛንቺስ የነበረው ፈንድቃ አዝማሪ ቤት በ2024 ለልማት ፈረሰ። ቤት ይቃጠላል፣ ይዘረፋል፣ ይፈርሳል። ከለላ ካለች ሴት ጣሳ ውስጥ የተቀመጠውን ግን ማን ያውቀዋል?

የእቴቴን አሥራ አንድ ደቂቃ ከልጆቿ ጋር ተነጋግረን ስሟን፣ የሰርጉን ቦታና ዓመቱን ጽፈንበት አርባ ቅጂ አውጥተናል። ከካርቶኑ ውስጥ እስካሁን አሥራ ስድስት ካሴት ገልብጠናል፤ ስድስቱ ላይ የሚዘፍኑት እነማን እንደሆኑ ለማወቅ በየገበያው ለሽማግሌዎች እያሰማን ነው። ከስድስቱ ሁለቱ ታውቀዋል። አንደኛው ከሳይንት የመጣ አዝማሪ ሲሆን ልጁ ዛሬ ደሴ የጋራዥ ሠራተኛ ነው፤ አባቱን ሲሰማ ቁልፉን ከእጁ ጣለ።

ቅጂዎቹን ለጋሼ ወስጄ ሳሳያቸው ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩና መጀመሪያ የጠየቁኝ ነገር «ዋጋውን የት ጻፍከው?» የሚል ነበር። እንዳልጻፍኩ ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ዋጋ ጻፍበት ልጄ» አሉኝ። «ሰው በነፃ ያገኘውን ይጥለዋል፤ የገዛውን ጣሳ ውስጥ ያስቀምጠዋል።»